በቅጹ ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን

እ.ኤ.አ. በ2021 ጸደይ አንድ ማለዳ፣ በአሜሪካ በምኖርበት ሕንፃ ከሁለት በር ማዶ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ጎረቤቴን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የተወለዱት ቬትናም ነው፤ ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ እኔ በልቤ «እማማ» ነው የምላቸው። በዋዜማው አውቶቡስ ሲጠብቁ አንድ ጎልማሳ ቀርቦ ፊታቸው ላይ ተፍቷል፣ መሬት ያስቀመጡትን ከረጢት በእግሩ መትቶ በትኗል፣ እየጮኸም መንገዱን ተሻግሮ ሄዷል። ልጃቸው ከሥራ መቅረት ስላልቻለች እባክህ አብረሃቸው ሂድልኝ ብላ ለመነችኝ። እኔ ቬትናምኛ አንድ ቃል አልችልም። እሳቸውና እኔ የምንግባባው ሁለታችንም በዘገየ ዕድሜ በተማርናት እንግሊዝኛ ነው።

የተቀበለን ፖሊስ ጨዋ ሰው ነበር፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የት፣ በስንት ሰዓት፣ የተሰረቀ ነገር አለ ወይ፣ የደረሰ ጉዳት አለ ወይ እያለ በቅደም ተከተል ጠየቀ፤ መልሱንም ጻፈ። እኔ ከመስኮቱ ባሻገር ቆሜ ቅጹን እንደ ተዘቀዘቀ አነብበው ነበርና፣ የድርጊቱ መነሻ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በሌላ ማንነት ላይ ያነጣጠረ ጥላቻ መሆን አለመሆኑን የምትጠይቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን ወደ ታች አካባቢ አየሁ። እስክርቢቶው ሳይነካት አለፈ። ስለ እርሷ ስጠይቀው «ሰውየው በትክክል ምን እንዳላቸው ያውቃሉ?» አለኝ። ወደ እማማ ዞርኩ። ሰውየው ብዙ እንደ ተናገረ፣ ከዚያ ሁሉ ግን ለይተው የሰሙት «ቻይና» የሚለውን ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ፖሊሱም «ቻይናዊት ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። አይደሉም። ትንኮሳ ብሎ መዘገበውና የመዝገቡን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጠን።

በአሜሪካ በትውልደ እስያ ላይ ስለሚፈጸም የጥላቻ ወንጀል አኀዝ በተነገረ ቁጥር ያቺ ሳጥን ትመጣብኛለች፤ አኀዙ የሚጀምረው ከእርሷ ነውና።

የአኀዙ መንገድ እንዲህ ነው። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሕግ መሠረት ከጥላቻ የመነጩ ወንጀሎች መረጃ በየዓመቱ በፌዴራል ደረጃ ይሰበሰባል፤ ሥራውን የሚሠራው የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ፌዴራል መንግሥቱን «ሰብስብ» አለው እንጂ የከተማና የካውንቲ (ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር) ፖሊሶችን «ስጡ» አላላቸውም። በአገሪቱ ያሉት ወደ 18,000 የሚጠጉ የፖሊስ ተቋማት መረጃቸውን ለኤፍቢአይ የሚልኩት በፈቃዳቸው ነው። ጭራሽ የማይልክ አለ፤ ከሚልኩትም አብዛኞቹ የሚልኩት ዜሮ ነው። አሠራሩ ደግሞ ሁለት እርከን አለው፤ በቦታው የተገኘው ወይም አቤቱታውን የተቀበለው ፖሊስ የጥላቻ ምልክት ካየ ይጠቁማል፣ ከዚያም በጉዳዩ የሠለጠነ ሌላ ሰው ማስረጃውን አይቶ ያጸድቃል ወይም ይጥላል። የፊተኛው ካልጠቆመ የኋለኛው የሚያየው ነገር የለም። እኛን የተቀበለን ፖሊስ «ቻይናዊት ናቸው?» ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ሳጥኗን ለመዝለል ምክንያት ሊሆን አይገባም ነበር፤ የኤፍቢአይ መመሪያ የሚመዝነው የአጥቂውን መነሻ ስለሆነ፣ አጥቂው የተጠቂውን ማንነት ቢሳሳት እንኳ ድርጊቱ የጥላቻ ወንጀል ከመሆን አይድንም። ይህን ያወቅሁት ከወራት በኋላ መመሪያውን ሳነብብ ነው። በዚያች ማለዳ ባውቀው ኖሮ መስኮቱ ላይ ትንሽ ቆየት እል ነበር።

ቀዳዳው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለማሳየት ሁለት ስሞች ይበቃሉ። ካሊድ ጃባራ እ.ኤ.አ. በ2016 በኦክላሆማ ግዛት በቱልሳ ከተማ በጎረቤቱ ተገደለ፤ ሄዘር ሄየር በ2017 በቨርጂኒያ ግዛት በሻርለትስቪል ከተማ ሰልፈኞች ላይ ሆን ተብሎ በተነዳ መኪና ተገደለች። ሁለቱም ገዳዮች በጥላቻ ወንጀል ተከሰው ጥፋተኛ ተብለዋል። ይሁንና ከሁለቱ ግድያዎች አንዱም በኤፍቢአይ የጥላቻ ወንጀል አኀዝ ውስጥ አልገባም። አገር ያወቀው፣ ፍርድ ቤት ያረጋገጠው ሞት ከመዝገብ ከቀረ፣ በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ የተተፋ ምራቅ ምን ተስፋ አለው?

እንግዲህ በትውልደ እስያ ላይ የተፈጸሙትን በተመለከተ ኤፍቢአይ ያወጣቸውን ቁጥሮች ከዚህ ጋር አብሮ ማንበብ ይገባል። በ2019 የተመዘገቡት ድርጊቶች 158 ነበሩ፤ በ2020 ወደ 279 አደጉ፤ በ2021 ወደ 746 ተተኮሱ፤ በ2022 ወደ 499 ወረዱ። የኮሮና ወረርሽኝን ዓመታት የኖረ ሰው የእነዚህን ቁጥሮች አካሄድ ሲያይ አይገረምም። እኔን የገረመኝ የ2021ዱ ቁጥር ወደ አደባባይ የመጣበት መንገድ ነው። በዚያ ዓመት ኤፍቢአይ አሮጌውን የመረጃ አቀባበል ዘግቶ ወደ አዲስ ሥርዓት ሲሻገር በርካታ ፖሊሶች፣ ከእነርሱም መካከል የኒውዮርክና የሎስ አንጀለስ፣ መረጃቸውን በአዲሱ መንገድ ማቅረብ አልቻሉም ነበር። ስለዚህ በታኅሣሥ 2022 የወጣው ሪፖርት በመላ አገሪቱ የጥላቻ ወንጀል የቀነሰ አስመሰለው። በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የትውልደ እስያ መንደሮች ሁለቱ የሚገኙባቸው ከተሞች ከቁጥሩ ውጭ ሆነው ማለት ነው። ኤፍቢአይ የቀረውን መረጃ በሌላ መንገድ አሰባስቦ በመጋቢት 2023 ተጨማሪ ሪፖርት ሲያወጣ ግን በ2020 8,120 የነበረው ጠቅላላ ቁጥር በ2021 ወደ 9,065 ከፍ ብሎ ተገኘ። ቀነሰ የተባለው ጨምሮ ነበር። በነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ «አበቃ፣ ተረጋጋ» ብለው የጻፉ ሰዎች ማረሚያ ሲያወጡ እኔ በበኩሌ አላየሁም።

በሌላ በኩል የፍትሕ ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ ቢሮ ፖሊስን ሳይሆን ቤተሰቦችን እየጠየቀ የሚሠራው ጥናት አለ። በዚያ ጥናት ግምት መሠረት ከ2005 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት በአማካይ በየዓመቱ ወደ 250,000 የሚጠጉ የጥላቻ ጥቃቶች ደርሰዋል፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ለፖሊስ አልተነገሩም። በአንድ ወገን በኤፍቢአይ መዝገብ በዓመት ከአምስት እስከ ስምንት ሺህ፣ በሌላው ወገን ሩብ ሚሊዮን። ሁለቱ የሚቆጥሩት ነገር አንድ ዓይነት ስላልሆነ አንዱን ከሌላው መቀነስ ስሕተት ነው። በመካከላቸው ያለውን ገደል ግን የሚሞላው ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም፤ ያልተጠየቀ፣ ያልተተረጎመ፣ «ምን ያደርጉልኛል» ተብሎ ቤት የቀረ አቤቱታ ነው።

ሳጥኗ እንኳ ሁልጊዜ ያለች አይደለችም። በነሐሴ 2012 በዊስኮንሲን ግዛት ኦክ ክሪክ በምትባል ከተማ አንድ ነጭ ዘረኛ ከሕንድ የመነጨ ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑት የሲኮች ቤተ መቅደስ ገብቶ በከፈተው ተኩስ ስድስት ምእመናን ሲገደሉ፣ በፌዴራሉ ቅጽ ላይ ሲኮችን የሚመለከት ምድብ አልነበረም። በዚያ ቀን እናቱን ያጣ ወጣት ከሳምንታት በኋላ ሴኔት ፊት ቀርቦ መንግሥትን የለመነው እናቱ ቢያንስ ቁጥር የመሆን ክብር እንዲሰጣት ነበር። ሲኮችን፣ ሂንዱዎችንና ሌሎችን የሚለዩ ምድቦች በሥራ ላይ የዋሉት በ2015 ነው። ቁጥር መሆንን እንደ ውርደት ለለመደ ጆሮ የዚያ ወጣት ልመና እንግዳ ይሆን ይሆናል፤ ለእኔ ግን ከየትኛውም ሪፖርት ይልቅ ነገሩን የገለጸልኝ እርሱ ነው።

በመጋቢት 2020፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ቫይረሱን በአደባባይ «የቻይና ቫይረስ» ብለው መጥራት በጀመሩበት ሳምንት፣ ሁለት የትውልደ እስያ ማኅበራትና የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእስያውያን አሜሪካውያን ጥናት ክፍል «ስቶፕ ኤኤፒአይ ሄት» (በትውልደ እስያና በፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች ላይ ጥላቻ ይቁም) የተባለውን መዝገብ ከፈቱ። ማንጁሻ ኩልካርኒ፣ ሲንቲያ ቾይና ራስል ጁንግ መሥራቾቹ ናቸው። ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አይጠይቅም፤ ቅጹ በበርካታ የእስያ ቋንቋዎች በኢንተርኔት ይሞላል፤ ወንጀል ያልሆነውንም ይቀበላል። በመጀመሪያው ዓመት ገደማ 3,795 አቤቱታዎች ደረሱት። ከእነዚህም 68 በመቶው ስድብና ዛቻ፣ 20 በመቶው መሸሽና ማግለል፣ 11 በመቶው አካላዊ ጥቃት ነበሩ፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ከሁለት እጥፍ በላይ አመለከቱ። እስከ መጋቢት 2022 መጨረሻ ድረስ የተጠራቀመው ወደ 11,500 ቀረበ።

በዚህ መዝገብ ላይ የሚሰነዘረው ትችት የታወቀ ነው፦ ማንም ያሻውን ሊጽፍበት ይችላል፣ መርማሪ አላጣራውም፣ ዜና በበዛ ቁጥር አቤቱታውም ይበዛል። ትችቱ እውነት አለው፤ በዚህ መዝገብ ተመርኩዞ ጥቃቱ ከአምናው በዚህ ያህል በመቶ ጨመረ ብሎ መናገር እኔም አልደፍርም። ነገር ግን መዝገቡ የተሠራው ለዚያ አይደለም። የፖሊሱ መዝገብ የሚጠይቀው ሕግ ተጥሷል ወይ ብሎ ነው፤ ይህኛው የሚጠይቀው ምን ደረሰብህ ብሎ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ሰው ከአጠገብህ ሲሸሽ፣ ታክሲ አይቶህ ሲያልፍ፣ ሕፃን ልጅህን ክፍል ውስጥ «ኮሮና» እያሉ ሲጠሩት ወንጀል ላይሆን ይችላል፤ ከመውጣት ይልቅ ቤት መዋልን የሚያስመርጠው ግን ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የእማማ ልጅም በዚያው ሳምንት እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ ቅጹን በቬትናምኛ ሞላችው። እኔ ስለ ምራቁ ይጻፍ ብዬ ስጠብቅ፣ እማማ ደጋግመው ያስጻፉት ሌላ ነገር ነበር፤ ፌርማታው ላይ አምስት ሰዎች እንደ ነበሩ፣ ሰውየው ሲጮህባቸው አምስቱም ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ እንደ ሸሹ፣ እሳቸው የተበተነውን ብርቱካን ሲለቅሙም አንድ እንኳ እንዳላጎነበሰ። ለዚህ የሚሆን ሳጥን ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የለም።

ሰዎች ለምን ወደ ፖሊስ እንደማይሄዱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ቋንቋ፣ ፍርሃት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ሁሉም ትክክል ነው፤ ትዝታ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በሰኔ 1982 ቪንሰንት ቺን የሚባል የ27 ዓመት ትውልደ ቻይና ወጣት ሠርጉ በተቃረበበት ሰሞን ሚሺጋን ውስጥ ዲትሮይት አጠገብ በሃይላንድ ፓርክ በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ከአራት ቀን በኋላ ሞተ። ጊዜው የዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች ሠራተኛ የሚያሰናብቱበት፣ ጃፓን የምትረገምበት ጊዜ ነበር፤ አንድ ምስክር ከገዳዮቹ አንዱ «ሥራ ያጣነው በእናንተ ምክንያት ነው» ሲለው እንደ ሰማች ተናግራለች። እርሱ ግን ጃፓናዊ አልነበረም። የመኪና ፋብሪካ የሥራ ኃላፊ የነበረው ሮናልድ ኢበንስና የእንጀራ ልጁ ማይክል ኒትዝ የግድያውን ክስ አስቀንሰው በስምምነት ጥፋተኛ ተባሉ፤ ዳኛው የሦስት ዓመት ገደብና 3,000 ዶላር መቀጫ ፈረደባቸው። አንድም ቀን እስር አልነበረበትም። ቅጣቱ ሲወሰን ዐቃቤ ሕግ በችሎቱ አልተገኘም፤ የሟችንም እናት የጠራቸው አልነበረም።

ከዚያ የተነሣው ቁጣ በ1983 «አሜሪካን ሲቲዝንስ ፎር ጀስቲስ» (የአሜሪካ ዜጎች ለፍትሕ) የተባለውን ማኅበር ወለደ። ቻይናውያን፣ ጃፓናውያን፣ ኮሪያውያንና ፊሊፒናውያን፣ በየራሳቸው ቤተ ክርስቲያንና ዕድር መሰል ማኅበር ተለያይተው ይኖሩ የነበሩት፣ አንድ ጉዳይ ይዘው አንድ አዳራሽ ገቡ። ጋዜጠኛዋ ሔለን ዚያ ከመሪዎቹ አንዷ ነበረች። ማኅበሩ ባደረገው ግፊት ጉዳዩ በፌዴራል የዜጎች መብት ሕግ እንደገና ተከፈተ፤ በ1984 ኢበንስ የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ፍርዱ በ1986 በይግባኝ ተሻረ፤ በ1987 ወደ ሲንሲናቲ የተዛወረው ችሎት በነፃ አሰናበተው። ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ይህን ሁሉ በዕድሜያቸው አይተዋል። እማማ በሚሺጋን አልኖሩም፤ የቪንሰንት ቺንን ስም ግን ያውቁታል።

መነሻን ማረጋገጥ ለምን እንደሚያስቸግር ከአትላንታ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም። በመጋቢት 16 ቀን 2021 አንድ ሰው በጆርጂያ ግዛት ሦስት የማሳጅ ቤቶች እየዞረ ስምንት ሰዎች ገደለ፤ ስድስቱ ትውልደ እስያ ሴቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ቤት ቸሮኪ ካውንቲ፣ ሌሎቹ ሁለቱ አትላንታ ከተማ በፉልተን ካውንቲ ናቸው። የቸሮኪ ዐቃቤ ሕግ የዘር ጥላቻ ማስረጃ አልተገኘም ብለው የጥፋተኛነት ስምምነት ተቀበሉ፤ ሰውየውም በሐምሌ ወር ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። የፉልተኗ ዐቃቤ ሕግ ፋኒ ዊሊስ በበኩላቸው በዘርና በጾታ ላይ የተመሠረተ የጥላቻ ወንጀል መሆኑ ቅጣቱን እንዲያከብድ ጠየቁ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ መሣሪያ፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ፤ ሳጥኗ ግን በአንዱ ካውንቲ ባዶ፣ በሌላው ምልክት የተደረገባት ናት። በቴክሳስ ሚድላንድ ከተማ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። በመጋቢት 2020 በአንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ አንድ አባትና ሁለት ትንንሽ ልጆቹ በስለት ሲወጉ፣ አጥቂው ቻይናውያን ስለ መሰሉት፣ በሽታውንም የሚያዛምቱ ስለ መሰለው እንደሆነ ራሱ ተናገረ፤ ቤተሰቡ የመጣው ከማይናማር ነበር። በፌዴራል የጥላቻ ወንጀል ሕግ 25 ዓመት ተፈረደበት። ልዩነቱ አጥቂው አፉን ሞልቶ መናገሩ ነው። ዝም ያለ አጥቂ ሲሆን መርማሪው መጠየቅን መቻል አለበት።

በግንቦት 2021 የወጣው የኮቪድ-19 የጥላቻ ወንጀሎች ሕግ የተነሣው ከዚህ ሁሉ ነው። ረቂቁን ያቀረቡት ሴናተር ሜዚ ሂሮኖና የምክር ቤት አባሏ ግሬስ ሜንግ ሲሆኑ፣ ሴኔቱ 94 ለ1፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 364 ለ62 አጸደቁት፤ ፕሬዚዳንት ባይደን ግንቦት 20 ፈረሙበት። በሚዲያ የገነነው፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ጉዳዮችን የሚያፋጥን ባለሥልጣን ይመደባል የሚለው አንቀጽ ነው። በእኔ ግምት የሚበልጡት ግን ማንም ያላጨበጨበላቸው አንቀጾች ናቸው፤ አቤቱታ በበርካታ ቋንቋዎች በኢንተርኔት የሚቀርብበት መመሪያ እንዲወጣ፣ የአካባቢ ፖሊሶች ወደ አዲሱ የመረጃ ሥርዓት እንዲገቡና መለየትን እንዲሠለጥኑ ገንዘብ እንዲሰጣቸው፣ ግዛቶችም የስልክ መስመር እንዲከፍቱ። የገንዘቡና የስልክ መስመሩ ክፍል በጃባራና በሄየር ስም ተሰይሟል፤ ሳይቆጠሩ የቀሩት ሁለቱ ማለት ነው። ሕጉን የተቃወሙ የትውልደ እስያ ማኅበራትም ነበሩ። ገንዘቡ ወደ ፖሊስ ሄደ፣ ከፖሊስ ለሚሸሹት ወገኖቻችን ምን ይፈይዳል አሉ። ክርክራቸውን እቀበለዋለሁ፤ መደምደሚያቸውን አልቀበልም። ፖሊሱ ሳጥኗን እንዲያያት የሚያስተምረው ሰው ደመወዝ ከየት ይምጣ?

ለእነርሱ ሥጋት የተሻለ መልስ የመሰለኝ ካሊፎርኒያ በግንቦት 2023 የከፈተችው «ሲኤ ቨርሰስ ሄት» (ካሊፎርኒያ በጥላቻ ላይ) የተሰኘው መስመር ነው። የሚመራው በግዛቱ የዜጎች መብት መሥሪያ ቤት እንጂ በፖሊስ አይደለም፤ ስም ሳይሰጡ ማመልከት ይቻላል፤ ከ200 በሚበልጡ ቋንቋዎች አስተርጓሚ ይቀርባል፤ ወንጀል ቢሆንም ባይሆንም ይቀበላል። ከሁሉ በላይ ግን መልሶ ይደውላል። ጠበቃ፣ የሥነ ልቦና ምክር ወይም ሌላ ርዳታ ለሚፈልግ ሰው መንገዱን የሚያሳይ ሠራተኛ ይመደብለታል። ተቆጥሮ የሚረሳ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይቆጠርም፤ አይመጣማ።

ከመንግሥት ውጭ የተሠራውም ጥቂት አይደለም። በ2021 መጀመሪያ ላይ በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ በቻይናታውን (የቻይናውያን ሰፈር) ወጣቶች አረጋውያንን ከባንክና ከገበያ እስከ ቤታቸው የሚያደርሱበት ቡድን አቋቁመው ነበር። ያንኑ መጋቢት በኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር አካባቢ አንዲት የ65 ዓመት ትውልደ ፊሊፒንስ ሴት መሬት ላይ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ሲረገጡ፣ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ውስጥ ዘበኞች ቆመው ሲያዩና አንደኛው በሩን ሲዘጋ የሚያሳየው የካሜራ ምስል አገሪቱን አናወጠ። ያን በር ስላየ ይመስለኛል ብዙ ሰው ለተመልካቾች ወደሚሰጠው ሥልጠና የጎረፈው። ሥልጠናውን የሚሰጠው፣ ያኔ ሆላባክ ዛሬ ራይት ቱ ቢ የሚባለው ድርጅት፣ አምስት መንገዶችን ያስተምራል፤ የአጥቂውን ትኩረት ማስቀየር፣ ሌላ ሰው ለርዳታ መጥራት፣ የሆነውን መቅረጽ፣ ካለፈ በኋላ ተጠቂውን ማጽናናት፣ ሲቻልም በቀጥታ መናገር። እኔም በኢንተርኔት ወስጄዋለሁ። ጀግንነት አለመጠየቁ ደስ አለኝ፤ ብርቱካን መልቀም ይቆጠራል።

ወደ እማማ ጉዳይ ልመለስ። ስድስት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ አንዲት መርማሪ ደወለች። መዝገቡን እንደገና እያየችው ነበርና በመስመሩ ላይ የቬትናምኛ አስተርጓሚ አስገብታ፣ እኔና ልጃቸው በተቀመጥንበት ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ተደረገ። እማማ በእኔ እንግሊዝኛ አምስት ደቂቃ ያልሞላውን ታሪክ ሠላሳ ደቂቃ ተናገሩ። አስተርጓሚው እየተከታተለ ሲመልሰው ነው እኔም አዲስ ነገር የሰማሁት፤ ሰውየው ከመትፋቱ በፊት በሁለት ጣቶቹ የዓይኖቹን ጠርዝ ወደ ጎን እየሳበ ዞሯቸዋል፣ ሌሎቹን አምስት ሰዎች አንድ በአንድ አይቶ አልፎ እሳቸው ፊት ቆሟል። መርማሪዋ «ይቅርታ፣ ይህን እንደገና ይንገሩኝ» ስትል የጽሕፈት ቁልፎቿ ድምፅ ይሰማን ነበር።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ይህን ለምን ያን ጊዜ ለፖሊሱ እንዳልነገሩት ጠየቅኳቸው። እማማ በዚያችው ሁለታችንም ዘግይተን በተማርናት እንግሊዝኛ፣ እየፈለጉ፣ መለሱልኝ፦ «ምን አለ ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ምን አደረገ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»